በቀን አንድ ሚሊ ሜትር

ኮዬ ፈጬ፣ ሰኔ 9

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን አለሽልኝ? ዓይንሽስ እንዴት ነው፣ መነጽሩ ተስማማሽ? ደብዳቤ ሲጀመር ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ ይባላል። እኔ ከናፍቆትና ከሁለት ጣቶች በቀር ደህና ነኝ። አማችሽ ሸኪብም ደህና ነው። ሰላም በይልኝ ሊል ፈልጎ ዋጠው፤ ይፈራሻል።

ከአቃቂ እዚህ ድረስ ሁለት ታክሲ ነው፣ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኬን አታነሺም። ደግሞም ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ሥርጉት የምትባል ልጅ በየቀኑ በቀኝ እጅሽ ጻፊ ብላ አዛኛለች። ምን ልጻፍ ስላት ያሻሽን፣ ከፈለግሽ ለእናትሽ አለችኝ። ምንም ሳታውቅ ነው ያለችው። እጄ ቶሎ ስለሚዝል በአራት ቀን ከፋፍዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ እንዳትስቂብኝ። ጮክ ብለሽም አታንቢው። አቻምየለሽ ጎረቤትሽ ግድግዳ ለግድግዳ ናት፣ ከአንቺ ቀድማ ታለቅሳለች።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገልኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ክርናችን ሲመታ እስከ ጣታችን የሚነዝረን ነርቭ አለ አይደል? እሱ ነው ክርኔ ላይ ታንቆ የከረመው። ሐኪሙ ያነቀውን ቆርጦ አላቀቀው። እጄን ብቻ አደንዝዘው ስለሠሩኝ ነቅቼ ነበር። ከአረንጓዴው ጨርቅ ማዶ ስለ ቃሊቲ መንገድ መጨናነቅ ያወራሉ። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ከፋብሪካ ወጥተሽ፣ ጸጉርሽ ላይ ጥጥ እንዳለ፣ በሐዲዱ ላይ አብረን እየሄድን ነበር። ባቡሩ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያልፍበት ጊዜ ስለነበር መሃሉ ላይ ሣር በቅሏል። ይሄንኑ ቀኝ እጄን ይዘሽኛል፣ ሙቀትሽ ይሰማኛል። ሰፍተን ጨረስን ሲሉኝ ትንሽ ቆዩ ልላቸው ምንም አልቀረኝም።

አሁን ውሎዬ አራተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ነው። ከሕንፃዎቹ ማዶ ገና ያልተሠራበት መሬት አለ፤ ሰሞኑን እያረሱት ነው። ጠዋት ጉም ሲተኛበት በሬዎቹ ያለ እግር የሚሄዱ ይመስላሉ። እንቅልፌና ንቃቴ ተቀላቅሎብኛል፣ የትኛውን አልሜ የትኛውን እንዳየሁ ሸኪብን እጠይቀዋለሁ። ሐኪሙ ነርቭ የሚያገግመው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው ብሎኛል፤ ከክርን እስከ ትንሿ ጣት ዓመት ሊጠጋ ነው። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ዛሬ የት እንደደረሰ አዳምጣለሁ። አንዳንዴ ክንዴ ውስጥ አምቦ ውሃ የፈሰሰ ይመስለኛል፣ ከዚያ ደግሞ ዝም ይላል።

ሸኪብ ሹሩባ መሥራት ተምሯል። መጀመሪያ የሠራልኝ ቀን ያለ ሻሽ ደጅ አልወጣሁም። ውሃ በጄሪካን አራት ፎቅ ያወጣል፣ ያበስላል፣ ጨው ይረሳል። ሰው ነው፣ እማዬ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ። ወረዳ ሄጄ ከእሱ ጋር የጋብቻ ወረቀት የፈረምኩ ዕለት፣ በራፉ ላይ ቆመሽ ያ የፈረመ እጅሽ ይድረቅ አልሽኝ። ከሃይማኖቴ ውጪ ማግባቴ አንጀትሽን አሳርሮት ነው፣ አልፈርድብሽም። በሁለተኛው ዓመት ጣቶቼ ደነዘዙ። እኔም አንቺም ያሰብነው አንድ ነገር ነው። አቻምየለሽ ሁሉንም ነግራኛለች። የእጄን ነገር ከሰማሽ ወዲህ በፍስኩም ቀን ወተትና እንቁላል አትቀምሺም አሉ። ስለ እኔ ጠበል ትመላለሻለሽ አሉ። በአፌ ያደረቅኩትን እጅ በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብለሻል አሉ።

እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። ሐኪሙ ሥራዬን ጠየቀኝ። ጋርመንት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ኮሌታ ስሰፋ ክርኔን የመኪናው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እንዴት እንደማስደግፈው አሳየሁት። በቃ፣ ይሄው ነው አለ። አጠገቤ የምትሰፋዋም እጇ እንደኔው ሆኗል። የእሷ እናት ደግሞ ስትመርቃት ነው የምትውለው።

ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ አለቀስኩ። እዚህ ላይ ባቆም ይሻል ነበር፣ ግን አንቺን መዋሸት አልሆነልኝም። ሐኪሙ ለምን ይህን ያህል ዘገየሽ፣ ከዓመት በፊት ብትመጪ ትንሿ ጣትሽም ሙሉ በሙሉ ትመለስ ነበር አለኝ። ቢላዋ ፈርቼ ነው አልኩት። ቢላዋ አልፈራሁም። እርግማን የሚያነሳው የረገመው ነው፤ እጄ ሲብስብኝ ልታነሺልኝ ትመጫለሽ ብዬ ነው የጠበቅኩት። ብርጭቆ ከእጄ ሲያመልጥ፣ ቁልፍ ማሰር ሲያቅተኝ፣ ይህንንስ ብትሰማ ትመጣለች እል ነበር። ሐኪሙ እርግማን አይደለም ሲለኝ፣ የምትመጪበትን ምክንያት ከእጄ የወሰደብኝ መሰለኝ። ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

የጣቴ ነገር የኔው ጥፋት ነው፤ ወደ ራስሽ እንዳትወስጂው። የሰኔ ጾም ሲፈታ ወተትሽን ጠጪ።

ትናንት ሥርጉትን፣ ይህ እጅ በጥር ወር ሦስት ኪሎ መያዝ ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። የምን ሦስት ኪሎ አለችኝ። ከሸኪብ በቀር ለማንም ገና አልተናገርኩም። ገብቷት መሰለኝ ወንበሯን አስጠጋች። ይችላል አለችኝ። በዚህኛው ክንድሽ ታስተኚዋለሽ፣ በግራ እጅሽ አንገቱን ትደግፊያለሽ፤ መጀመሪያ ሰሞን ግን አያያዙን የሚያሳይሽ ሰው ከአጠገብሽ አይጥፋ አለችኝ። የማን ስም ወደ አፌ እንደመጣ ልንገርሽ?

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፣ አራት ፎቅ የሚያስወጣ ጉልበት ይስጥሽ። እርግማን ልታነሺ ሳይሆን እንዲያው ነይ። ከሰዓት በኋላ ወደዚህ ታክሲ ስለሚጠፋ ጠዋት ተነሺ።

ልጅሽ