የልብስ ሰፊዋ እህት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለወንድምዓለም፦

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንደምን ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚያስቸግርህ ሳል ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ጠመኔ ስትይዝ ይነሳብሃል? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነ? ደረጃ መውጣት ትታለች ወይስ እንደ ልማዷ «ምንም አልሆንኩም» እያለች ትወጣለች? አባባስ ዓይኑ ጋዜጣ ያነብለታል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? ትንሿስ ጥርሷን አወጣች? እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ። «ከናፍቆታችሁ በቀር» ብዬ እንዳልዘጋው ግን ሌላም ነገር አለ፤ እሱን ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የምታመጣልህ የሆቴላችን ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረች፣ ኮንትራቷ አልቆ ነገ የምትመለስ የአገራችን ልጅ ናት። በካፖርቷ ገበር ውስጥ እሰፋላታለሁ። ስትመጣ ውኃ አጠጣት፣ ብዙ አትጠይቃት። አንብበህ ስትጨርስም አቃጥለው። እባክህ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጠው፤ እማዬ መሳቢያ መበርበር እንደምትወድ ታውቃለህ።

ባለፈው ደብዳቤህ በዕረፍት ቀን የምታስተምራቸው ልጆች «ክርስቲያኖች በታሪክ ሁሉ ስደት ደርሶባቸዋል ወይ?» ብለው እንደጠየቁህ ጽፈህልኛል። አንዷማ «የሚጸልይ ሰው ምን አደረጋቸውና ነው የሚያሳድዱት?» ብላ አፋጠጠችኝ አልክ። ከመጽሐፍ የምትነግራቸው ባያንስህም «አንቺ እዚያ ስላለሽ በዓይንሽ ያየሽውን ጻፊልኝ፣ አነብላቸዋለሁ» አልከኝ። ወንድምዓለም፣ እኔ ስደት ሲባል የማውቀው ሻንጣ ይዞ፣ እናትን አስለቅሶ፣ ሥራ ፍለጋ መውጣትን ነበር። ቃሉ ሌላም ፍቺ እንዳለው ያስተማርከኝ አንተ ነህ፤ የተማሩትና የቀመሱት ግን ለየቅል ነው። እንግዲህ ያየሁትን ልንገርህ። ለልጆች የሚነበብ መሆን አለመሆኑን አንተ ትፈርዳለህ።

እንደምታውቀው የምሠራው በሆቴሉ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ነን። መስኮት የለንም። ከላይ ከክፍሎቹ አንሶላና ፎጣ በጋሪ ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ እኔ እተኩሳለሁ። የካውያው እንፋሎት ፊቴን እንደ ድንች ቀቅሎታል፤ ብታየኝ አታውቀኝም። ጥጉ ላይ አንዲት የስፌት መኪና አለች። የተቀደደ አንሶላ የሚጣፈው፣ የአስተናጋጆቹ ቁልፍ የሚተከለው እዚያ ነው። መኪናዋ ላይ የምትቀመጠው ሴት በዕድሜ ከእማዬ ጋር ትስተካከላለች። ቀጭን ናት፣ ምላሷም ይዋጋል፤ ስለዚህ «እመት መርፌ» እንላታለን። እሷም ታውቃለች። «መርፌ ባትኖር ሁላችሁም ራቁታችሁን ነበራችሁ» ትለናለች።

እዚህ አገር በቤት ተሰብስቦ የእኛን ጸሎት መጸለይ ወንጀል ነው። ብቻህን በልብህ ብትጸልይ የሚያይህ የለም፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከተገኛችሁ ግን አለቀላችሁ። ይህን ሳላውቅ በመጣሁ በሦስተኛው ወር አንሶላ እየተኮስኩ መዝሙር ሳንጎራጉር እመት መርፌ ቁልፍ የምትፈልግ መስላ አጠገቤ ጎንበስ አለችና «ዜማውን አውቀዋለሁ። ዝቅ አድርጊው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዕረፍት ቀናችን ወደ ክፍሏ መሄድ ጀመርኩ። ከእሷ ጋር ስድስት ነበርን። በር ይቆለፋል፣ መጋረጃ ይሳባል። ቤቷም የስፌት መኪና አላት፤ ሌሎቹ ሲጸልዩ አንዳችን ቁራጭ ጨርቅ እየሰፋን እናስጮኻታለን፣ ጎረቤት የሚሰማው እሷን ብቻ ነው። መኪናዋ ቀጥ ስትል ሁሉም አፉን ይዘጋል። እኔ ድምፅ አውጥቼ መጸለይ ስለማፍር ብዙውን ጊዜ ሰፊዋ እኔ ነበርኩ። መስፋት ደግሞ አልችልም። እመት መርፌ ያበላሸሁትን ጨርቅ አንስታ እያየች «ልጄ፣ ጸሎትሽም እንዲህ ጠማማ ከሆነ እሱ ይቅር ይበልሽ» ትለኝ ነበር። የነበረችን መጽሐፍ ቅዱስ አንዲት ናት። ብትያዝ ሙሉዋ እንዳትጠፋ ብላ በምላጭ ስድስት ቦታ ከፈለቻት። ሁላችንም ድርሻችንን ይዘን እንሄዳለን፣ በሳምንቱ እንለዋወጣለን።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ሁለት የሲቪል ልብስ የለበሱ ሰዎች ከአለቃችን ጋር ወደ ምድር ቤት ወረዱ። አለቃችን የዚህ አገር ሰው ነው፤ ሃይማኖቱም የአገሩ ነው። በየደቂቃው የእጅ ሰዓቱን ስለሚያይ «ሰዓቱ» እንለዋለን። ያን ዕለት ግን አንድ ጊዜም አላየውም። ሰዎቹ በቀጥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደው «ተነሺ» አሏት። የጀመረችውን ስፌት ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ተነሳች። አንደኛው ወደ እኛ ዞሮ ከእሷ ጋር የሚውል ማን እንደሆነ ጠየቀ።  ቅርብ ያለሁት እኔ ነበርኩና ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ «አንቺ! ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?» አለኝ።

ወንድምዓለም፣ «ቁልፍ ስትተክል አያታለሁ እንጂ አላውቃትም» አልኩት። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ትኩሳት ይዞኝ በእሷ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ስታቀዘቅዝልኝ ነው የዋለችው። አላውቃትም አልኩ። እሷም ዞር ብላ ግድግዳ እንደሚያዩ አየችኝ፤ ዓይኗ ላይ ምንም አልነበረም። እኔን ለማዳን ብላ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ያኔ የገባኝ እግሬ እንዳልታሰረ ብቻ ነው።

ይዘዋት ሲወጡ አንደኛው «ተመልሰን ዕቃችሁን እንፈትሻለን» ብሎ ሄደ። ይሄኔ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ያለው ድርሻዬ ትዝ አለኝ። የምደብቅበት ጠፋኝ። የአስተናጋጆቹ ጥቁር ሱሪ የተሞላ ማሽን ከፍቼ ከመሀሉ ወሸቅሁና ቁልፉን ተጫንኩ። ወረቀት ውኃ ሲነካው ይሟሟል ብዬ ነው። ለካ አይጠፋም፣ ይራባል! ማሽኑ ሲከፈት ስልሳ ጥቁር ሱሪ በረዶ የዘነበበት መስሎ ወጣ። አንዳንዱ ብጣሽ ላይ ፊደል ይታያል። ሰዎቹም በዚያው ሰዓት ደረሱ። አንዱ ሱሪውን ነካ አድርጎ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።  ሰዓቱ መጥቶ አንዷን ብጣሽ በሁለት ጣቱ አንስቶ ጠጋ አድርጎ አያት፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ በመዳፉ ውስጥ ጨመቃት። «ሶፍት ነው» አላቸው። «አስተናጋጆቹ ኪሳቸውን ሳያራግፉ ይልካሉ፣ እነዚህም ሳይፈትሹ ይከታሉ።» ከዚያ እኔ ላይ ጮኸብኝ፤ ሥራ እስኪያልቅ አንድ በአንድ ስለቅም እንድውል አዘዘ። ስለቅም ዋልኩ። ፊደል ያለበትን ሳገኝ ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲያ የነበሩትን ቀናት ጠላትህ ይያቸው። የቀረነው አምስታችን ሰላምታ ተውን። ማን ነው የጠቆማት? ሁላችንም ይህንኑ ስንጠይቅ እርስ በርስ መተያየት ፈራን። አንድ ቀን በጸሎት መሀል የስፌት መኪናዋን ያቆመው ልጅ ይሆን? ወይስ ያቺ ባለፈው ሳምንት ያልመጣችው? ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፈው ልጅ «ደህና አደርሽ?» ስትለኝ እንኳን ለምን ጠየቀችኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳሰላስል እውላለሁ።  ሊፍቱ ምድር ቤት ደርሶ በሩ በተከፈተ ቁጥር ካውያውን አስቀምጬ እጄን ሽርጤ ላይ እጠርጋለሁ፤ የተያዝኩ እንደሆነ እጄ ደረቅ ይሁን የምል ይመስል።

በዚያው ሰሞን የልጆቹን ጥያቄ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ያስተማርከኝን አስታወስኩ፤ ለአውሬ የተጣሉትን፣ በዋሻ ተደብቀው የጸለዩትን፣ በኋላም በየዘመኑ አገዛዝ በተለወጠ ቁጥር ቤተ ጸሎታቸው የተዘጋባቸውን። አዎ፣ ብዙ ደርሶባቸዋል፣ ዛሬም እየደረሰ ነው፤ ምስክር ነኝ። «በታሪክ ሁሉ» የሚለው ግን ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። በሰላም የኖሩበት ዘመን አለ። ዱላው በራሳቸው እጅ የነበረበትም አለ። ምን ሩቅ ያስኬደናል፤ የሰፈራችን አናጺ የሞተ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እሱም ክርስቲያን ነበር። አጸላለዩ ከእኛ ስለተለየ ብቻ «ከእኛ ሙታን ጋር አይቀበርም» ተባለ። የመቃብሩን በር የዘጉት የእኛ ሰዎች ናቸው፤ አባባም አብሯቸው ቆሞ ነበር። ሚስቱ ሬሳውን በጋሪ አስጭና ስትመለስ እኔና አንተ አጥር ላይ ተቀምጠን እናይ ነበር። እኔ ሳቅሁ። ልጅ ነበርኩ እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፣ ግን ሳቄ እስካሁን ይሰማኛል። እመት መርፌም የአናጺው ወገን ናት። በእሷ ክፍል ውስጥ ግን «አንቺ ከየትኞቹ ነሽ?» ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ከተያዘች ሁለተኛው ሳምንት ሲገባ ሰዓቱ ካውያዬ አጠገብ መጥቶ፣ ፊቴን ሳያይ «የአሮጊቷ ካፖርት ሳጥኗ ውስጥ ቀርቷል። እዚያ ይበርዳል ይባላል። ማክሰኞ ማክሰኞ ዕቃ ይቀበላሉ፤ እስካሁን የጠየቃት ሰው የለም» አለ። የእጅ ሰዓቱን አየና «ማክሰኞ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስደሻል» ብሎኝ ሄደ። እኔ ፈቃድ አልጠየቅሁም። ለምን እንዳደረገው አላውቅም፤ መጠየቁንም ፈራሁ።

ማክሰኞ ካፖርቱን ተኩሼ፣ በላላው ቁልፍ ላይ ክር ጨምሬ ሄድኩ። ሁለት ፌርማታ ሲቀረኝ ከአውቶቡሱ ወረድኩ። መንገድ ተሻግሬ የመመለሻውን ጠበቅሁ። ሲመጣ አልተሳፈርኩም። እንደገና ተሻገርኩ። እስር ቤቱ ግቢ በር ላይ ጥቅል የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። በመስኮቱ በኩል ቅጽ ሰጡኝ፤ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሥራ ቦታ፣ ከእስረኛዋ ጋር ያለ ዝምድና። ዘመድ ያልሆነ አይገባም። እስክሪብቶው ራሱ በገመድ ታስሯል። ስሜን ስጽፍ የሌላ ሰው ስም መሰለኝ። ዝምድና የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ፤ ከኋላዬ ያለችው ሴት በክርኗ ነካችኝ። «እህት» ብዬ ጻፍኩ። ዘበኛው ቅጹን ገለባበጠና «እናትሽ እኮ ትሆናለች! ስማችሁም አይገጥምም» አለኝ። «አባታችን አንድ ነው» አልኩት። «ሽማግሌው ጉድ ነዋ!» ብሎ ሳቀ፣ ማኅተሙን መታው፣ የመታወቂያ ቁጥሬን በሌላ ትልቅ መዝገብ ላይ ገለበጠው።

ከሽቦው ወዲያ ማዶ አቆሟት። ከስታለች፤ ከከንፈሯ በላይ ጠባሳ አለ፣ ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። «ምን አመጣሽ፣ አንቺ ጅል!» አለችኝ። አለቀስኩ። ያልኩትን ስለማለቴ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አቋረጠችኝና «ያኔ አውቃታለሁ ብትይ ኖሮ ዛሬ ካፖርቱን ማን ያመጣልኝ ነበር?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የማንንም ስም አላነሳሁም። ጠቋሚውም ከእናንተ አይደለም፣ የስፌት መኪናዬ ድምፅ የሰለቸው ጎረቤት ነው። እርስ በርስ አትጠራጠሩ» አለችኝ። ዘበኛው ያቀበላትን ካፖርት ቁልፍ ዳበስ አድርጋም «ይህን የተከለው እጅ ይቆረጥ፣ ምን ዓይነት ስፌት ነው?» አለች። ጊዜው አለቀ ተባልን።

መልእክቷን ለአራቱም አንድ በአንድ አደረስኩ። ትናንት ፌርማታ ላይ ከአራቱ አንዷና እኔ ጎን ለጎን ቆመን አንድ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ሰዓቱ ጠራኝና ፋይሌን ወደ ላይ እንዲልክ እንደታዘዘ ነገረኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩትም። «ቀስ ብዬ እፈልገዋለሁ፣ አንድ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። እፈራለሁ፣ ወንድምዓለም። ይህን ስጽፍ እንኳን ኮሪደሩ ላይ እግር በሰማሁ ቁጥር ወረቀቱን ትራሴ ሥር እከታለሁ።

ለልጆቹ ስትነግራቸው ጀግና አታድርገኝ። ለዚያች ለጠየቀችህም መልስ የለኝም። የመጡት ሁለቱ ሰዎች መልካቸው እንደ ማንም ሰው ነበር፤ አንደኛው እንዲያውም ሲወጣ ጓደኛውን «ልጅህ ተሻላት?» ሲለው ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ። የአናጺው ሚስት በሕይወት ካለች ሄደህ ጠይቃት። ምን እንደምትላት እኔም አላውቅ፤ ብቻ ሂድ። እኔ እስክጽፍልህ ድረስ በዚህ አድራሻ አትጻፍልኝ።

አባባን እጁን ሳምልኝ፤ ስለ አናጺው ያልኩትን አታንብብለት፣ ራስህ በጊዜው ታነሳለታለህ። ለባለቤትህ ሰላምታዬ ይድረሳት። ትልቁን ልጅህን በርታ በለው፣ መንታዎቹን ጆሯቸውን ቆንጥጥልኝ፣ ትንሿን አንገቷ ሥር ሳምልኝ። ጎረቤታችን ሻምበልን እንዴት ሰነበቱ በልልኝ። እማዬ ስትጠይቅህ ደህና ናት በላት። መዋሸት ካስጨነቀህም፣ ወንድምዓለም፣ ዛሬ ደህና ናት በላት።

ታናሽ እህትህ

የሠራተኞች መኝታ ቤት፣ የላይኛው አልጋ
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን