አልጋው የት ይዘርጋ

ሰኞ

አልጋው አይገባም። ማለቴ ይገባል፤ ግን እሱ ሲገባ ቁምሳጥኑ በሩን ይዘጋል፣ ቁምሳጥኑን ሳነሳ ደግሞ ሻወሩ መተላለፊያውን ይበላዋል። ከጠዋት ጀምሮ ወረቀት ላይ ስሰርዝ ስደልዝ ዋልኩ። ዮናስ ከፋብሪካ ደክሞት መጣና "አንቺ ከወሰንሽ በቃ" ብሎ ጋደም አለ። ቤቱ የአባቱ፣ ራስ ምታቱ የእኔ።

ልጁ ሳይመጣ ማለቅ አለበት። ሰባት ወሬ ነው። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ ባለፈው ሳምንት የበረንዳው ደረጃ ላይ ተንሸራትቼ ብረቱን ይዤ ነው የተረፍኩት። ሐኪሟ ስነግራት ተቆጣችኝ። ስለዚህ ከኋላ ያለውን ትልቁን ክፍል ለሁለት ከፍለን፣ ወዲህ መኝታ፣ ወዲያ ሽንት ቤትና መታጠቢያ ልናደርገው ነው። ሰዉ ማስተር ቤድሩም ይለዋል። እኔ ደረጃ የማያስወርድ ቤት ነው የምለው።

ክፍሉ የዮናስ እናት የእማማ ነበር። ካረፉ ዓመት አለፋቸው። የዮናስ አባት አባባ ከዚያ ወዲህ እግራቸውን አላስገቡበትም፣ በረንዳ ላይ ነው የሚተኙት። ስናማክራቸው "እንደ ፈለጋችሁ" አሉ። ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ ፈጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከአፋቸው ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ እንደ መጭመቅ ነው።

ማክሰኞ

ግንበኛው አብዲ መጣ። ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና መለሰልኝ። "እህቴ፣ ወረቀት ላይ ማን ይተኛል? ወለሉ ላይ እናስምረው።" ኖራ በጣሳ ይዞ አልጋውን፣ ግድግዳውን፣ ቁምሳጥኑን፣ ሁሉንም በልኩ ወለሉ ላይ አሰመረልኝ። ሁለት ሦስት ቀን ኑሩበት፣ ካልተመቻችሁ ይጠረጋል አለኝ። ይሄን ወደድኩለት።

ከዚያ መጨቃጨቅ ጀመርን። እኔ ሥዕለ ማርያም በሚሰቀልበት በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ሽንት ቤት አይሆንም አልኩ። እሱ ደግሞ መቀመጫውን ወደ ቂብላ፣ ወደምንሰግድበት አቅጣጫ፣ አዙሬ አልተክልም፣ ወላሂ እጄ እሺ አይለኝም አለ። ሁለታችንም አልተሸነፍንም፤ መጨረሻ ላይ መታጠቢያው የሚሆንበት አንድ ጥግ ብቻ ቀረ።

አልጋውን ግን እኔ ነኝ የመረጥኩት። ድሬ ውስጥ የአልጋ ቦታ በሜትር አይለካም፣ በገላ ነው። ግንቦት ነው፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። በስስ ቀሚስ ሲሚንቶው ላይ እየተንከባለልኩ ፈለግኩ፣ እንደ ሕፃን። መሃሉ ላይ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ እንደ እንስራ ሆድ የሚቀዘቅዝ ቦታ አገኘሁ። አብዲም መዳፉን አስቀመጠበትና "አቦ፣ ዕድለኛ ነሽ፣ ኤሲ ምን ያደርግልሻል" አለ። አልጋውን እዚያ ላይ አሰመረው። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ረቡዕ

ከአልጋው መስመር ላይ በትራስጌ በኩል ያለው ጠፍቷል። አልተጠረገም፣ አልተረገጠም፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። የሆነ ነገር የላሰው ይመስላል። ድመት ነው እንዳልል ድመት የለንም። ዮናስ አልገባም፣ በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። አብዲ ሳቀብኝና እንደገና አሰመረው።

ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲያንገበግበኝ ገብቼ በኖራው አልጋ ውስጥ ጋደም አልኩ። እንዴት ደስ ይላል። ልጁ በኃይል ተራገጠ፤ ከዚያ ጭጭ አለ። ያኔ ሰማሁት። ሰው በጥርሱ መሃል አየር ወደ ውስጥ ሲስብ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ፣ ከጆሮዬ ሥር። የራሴ ደም ነው አልኩ፣ እርጉዝ ሴት ብዙ ነገር ትሰማለች። ብድግ ስል ግን ጀርባዬ ላይ ያለው ላብ በርዶ ነበር።

ለዮናስ አልነገርኩትም። ቢሰማ ጸበል ውሰዷት ነው የሚለው። ሆድ ይፍጀው።

ሐሙስ

ደግሞ ጠፍቷል። እዚያው ቦታ። ፈራሁ፤ ፈራሁ ብዬ ልጻፈው።

ለአባባ ምሳ ሳቀርብላቸው እንደ ዘበት ጠየቅኳቸው። "እማማ አልጋቸው የት ነበር?" በረንዳው ላይ እንደ ተቀመጡ በመስኮቱ በኩል በከዘራቸው ጠቆሙኝ። የምዕራቡ ጥግ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቀጥታ የሚገባበት፣ ሰው ቀርቶ ብርድ ልብስ የሚነድበት ጥግ።

"ምነው እዚያ?"

"እልኸኛ ነበረች።"

"እርስዎስ?"

"እኔ ቀዝቃዛው ላይ።"

ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት አልጋ ተኝተዋል ማለት ነው። ዮናስ እንኳ ነግሮኝ አያውቅም፤ ልጅ የወላጆቹን አልጋ የት አስተውሎ። አባባ "አንቺም እዚያው ዘርጊ፣ ምንም አይልሽም" አሉ። ምሳቸውን ግን ሳይጨርሱ ሰሃኑን ገፋ አደረጉት።

ዓርብ



አብዲ ጁምዓ ሳይደርስበት ለቱቦው መስመር ልቆፍር ብሎ በማለዳ መጣ። መሮና መዶሻ ይዞ ከመታጠቢያው ጥግ ጀምሮ ወለሉን እየፈለፈለ ወደ አልጋው መጣ። እኔ በኖራው አልጋ ውስጥ ቆሜ አሳየዋለሁ፣ በዚህ በኩል ነው፣ ትራስጌውን አትንካ እያልኩ። የመዶሻው ድምፅ ተለወጠ። ከበሮ ሆነ።

"ዲሲ!" ብለው አባባ ከበረንዳ በኦሮምኛ ጮሁ። ተው ማለታቸው ነው። እንዲያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ደግሞ ገቡ፣ በዓመታቸው፣ በባዶ እግራቸው።

አብዲ ግን መትቶ ነበር። መሮው ከእጁ ሄደ። ወለሉ ዋጠው። ጠበቅን፣ ሲያርፍ አልሰማንም። ከቀዳዳው ብርድ ወጣ፣ ያረጀ አፈር የሚሸት ብርድ፤ ኖራውን ብን አድርጎ መልሶ ወደ ውስጥ ሳበው።

አባባ እጃቸውን ዘረጉልኝ። "ወደ እኔ ነይ ልጄ። ቀስ ብለሽ። እግርሽን ሳታነሺ፣ እየጎተትሽ።" ባቡር ሲመጣ ሐዲድ ላይ የቆመ ሕፃን የሚጠሩ ነው የሚመስሉት። ደረስኩ። ክንዴን የያዙበት ቦታ እስካሁን ቀልቷል።

የድሮ የውሃ ጉድጓድ ነው። ክፍሉ ሲሠራ አባባ ራሳቸው ናቸው የከደኑት፣ ከሐዲድ ሥር በሚነጠፈው ወፍራም እንጨት፤ በላዩ ሲሚንቶ አፈሰሱበት። "ባቡር የቻለ እንጨት አልጋ ያቅተዋል ብዬ ነው" አሉ። አብዲ በቀዳዳው እጁን አግብቶ ቁራጭ አወጣ። እንደ ዳቦ ተፈረፈረ።

"እማማ ያውቁ ነበር?"

አያውቁም። ማንም አያውቅም። እማማ ዮናስን ሊወልዱ ሐረር እናታቸው ጋ ሄደው ሳለ ነው ተሠርቶ ያለቀው። ሕፃኑን ታቅፈው ገቡ፣ ወለሉ መሃል ቆሙ፣ እዚህ አልተኛም አሉ። ምክንያት የላቸውም፣ አልተኛም ብቻ። አባባ በእጃቸው የሠሩላቸው ቤት ነውና ከፋቸው። እልህ ተጋቡ። እሳቸው ብቻቸውን ቀዝቃዛው ላይ፣ እማማ እሳቱ ላይ።

"እኔን የሸሸች ነበር የመሰለኝ" አሉ። ያለቅሱ ነበር።

ቅዳሜ

ዮናስ አባቱ ላይ ጮኸ። ከዚያ ቀዳዳውን አየ፣ ሆዴን አየ፣ አጠገባቸው ቁጭ አለ። ሳይደግስ አይጣላም፣ አልኩት።

አብዲ ድንጋይ በገመድ አስሮ ሰደደ፤ ገመዱ አለቀ፣ ድንጋዩ አልደረሰም። ከመልካ ጀብዱ በኩል ድንጋይ የጫነ መኪና አስመጣን። ሁሉንም ዋጠ። ሌላ አስጨመርን። አመሻሽ ላይ ነው የሞላው፤ አብዲ ቆሞ ረገጠበት፣ ዘለለበት። እኔ ከበሩ አላለፍኩም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመላለስብኝ፤ እማማ ያን ቀን ቆመው ምን ሰሙ? ወይስ ልጁ ነው ታቅፈውት ሳለ የተራገጠው?

እሑድ

ማስተር ቤድሩሙ ቀረ። መታጠቢያው ከፊተኛው ክፍላችን ጎን ይቀጠላል፣ ጠባብ ነው፣ ሻወሩና መቀመጫው ይተሻሻሉ። ልጁ ሳይመጣ ይድረስ አይድረስ እንጃ። ዮናስ እስከዚያው ደረጃው ላይ ሌላ ብረት አስበይዳለሁ ብሏል።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባባ በረንዳ ላይ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ጠበቁን። ወደ ኋላ ክፍል ልመለስ አሉ።

"አባባ፣ የት ላንጥፍልዎ?"

"እሷ ጋ።"

ሙቀቱ ይገድልዎታል ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ከዘራቸውን ይዘው ቀድመውኝ ገቡ። የተሞላው ቦታ ጋ ሲደርሱ አልረገጡትም፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ዞረው ሄዱ። እኔም ትራሱን ይዤ ስከተላቸው በዚያው ጥግ ዞርኩ።