ሽማግሌ የተላከበት ማኅበር

ውድ ኮከቤ፣

ስልክሽን ዘግተሽ ደብረ ብርሃን ስለተቀመጥሽ ይህን በሚኒባስ ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ። ኩርፊያሽን አውቀዋለሁ፤ ብቻ ሳትቀድጂው አንብቢው።

አቶ መኳንንት "ሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም" ስላልሽ ከሱፍ ማበጠሪያ ቤቱ ሲያባርርሽ ነገሩ ያበቃ መስሎት ነበር። እኛም አንቺ ካልተመለስሽና የአፍ መሸፈኛ ካልተሰጠን ሱፍ አናበጥርም ብለን ቤታችን ተቀመጥን። ሰውዬው ብልጥ አይደል? ፖሊስ አልጠራም፣ ሽማግሌ ላከ። ያውም በየቤታችን፣ ለየብቻችን።

እሑድ መሪጌታ አፈወርቅ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ደጃችን ቆሙ። "እሺ፣ ሥራዬ እገባለሁ ካላልሽ አንቀመጥም" አሉኝ። አባቴን ታውቂያቸዋለሽ፤ "ኢኽላስ፣ ሽማግሌ አቁመሽ ልታዋርጂኝ ነው?" ብለው አፈጠጡብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ "እሺ" ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። አንቺ ትዝ አልሽኝ።

"መሪጌታ፣ እርስዎንስ እምቢ አልልም። ግን ብቻዬን አልተጣላሁም። የተጣላነው አንድ ላይ ነውና አንድ ላይ ያስታርቁን" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ይህስ ደንብ ነው" ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ሁላችንም ከሽማግሌዎቹና ከአቶ መኳንንት ጋር ሱፍ ቤቱ ተሰበሰብን። መሪጌታ ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ የሱፉ ብናኝ ጉሮሯቸው ገብቶ ሳል ያጣድፋቸው ጀመር። ያቺ ሲዲቃ፣ አጠገብሽ የምታበጥረው፣ ውኃ እያቀበለቻቸው ሳቋን በሻሿ ሸፈነች።

"አንተ መኳንንት፣ ሰው የምታውለው እዚህ ነው?" አሉት።

አቶ መኳንንትም መሸፈኛውንም፣ መስኮት ማስከፈቱንም እሺ አለ። "ኮከቤን ግን አልመልስም፤ ነገረኛ ናት።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ብድግ አሉ። እሺ ካላልክ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሰውዬውን ላብ አጠመቀው። ሽማግሌ አቁሞ የመሐል ሜዳን ገበያ በምን ዓይኑ ሊያይ? "እሺ፣ የፊታችን ሰኞ ትግባ" አለ።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ እዚያው ማኅበራችንን መሠረትን። ሲዲቃን ሊቀ መንበር አደረግናት። ለጸሐፊነት ያንቺ ስም ሲጠራ ኪዳነ፣ መቼም ነገር አያልፈው፣ "የሌለ ሰው ይመረጣል እንዴ?" አለ።

"ሰኞ ትኖራለች!" አለችው ሲዲቃ።

ሁሉም እጁን አወጣ፣ ኪዳነም ጭምር። ያላወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ በሁለቱም እጄ እንባዬን እየጠረግሁ ነበር።

በጓደኞችሽ ሁሉ ስም፣
ናፋቂሽ ኢኽላስ