አልማዝ ባለጭራ አልነበረም

አስኩዬ፣

«እንደምን አለሽ» ብዬ አልጀምርም። መልስ የማይመጣበት ጥያቄ መጠየቅ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጉና ከጠዋት እስከ ማታ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፤ ደብረ ታቦር ጭቃ ሆናለች። እኔም ጫማዬን በር ላይ ሳላወልቅ እገባለሁ፤ የሚቆጣኝ የለም።

የቤቱን ነገር ልንገርሽ። የጓሮው ድንች ዘንድሮ አምሯል። አንቺ ትተክዪበት በነበረው መስመር ነው ያስተከልኩት። መስመሩ ጠማማ ነው። በገመድ ካልለካሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል! አሁን ሠራተኛው ሊያቃናው ሲል ተቆጥቼ ከለከልኩት። ልጃችን ሕሊና ከባሕር ዳር ትደውላለች፤ ስልኩን ከማንሳቴ በፊት ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ድምፄ እንዳያስጨንቃት። አልጋው ላይ አሁንም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው። ያንቺ ቦታ ያንቺ ነው።

ንዴቴ እንዳልበረደም እወቂ። ቀብርሽ ላይ የሕይወት ታሪክሽ ሲነበብ «ባደረባት ሕመም በሕክምናና በጸበል ስትረዳ ቆይታ» ተባለ። የምን ሕመም? ሰው ሁሉ «ያ ነገር»፣ «ክፉው በሽታ» እያለ ሲያንሾካሹክ ኖሮ፣ በመጨረሻ ወረቀቱም ላይ ደበቁት። እንግዲህ እኔ ልጻፈው። መጀመሪያ የጡት ካንሰር ነበር። ጡትሽ ተቆረጠ፣ ኬሞ ወሰድሽ፣ አዲስ አበባ ሄደን ጨረር ተደረገልሽ። ዳንሽ። ከዓመታት በኋላ ጨረሩ ባረፈበት ቆዳ ላይ ሌላ ካንሰር ወጣ፤ አልፎ አልፎ እንዲህ ያጋጥማል አሉን። የወሰደሽ ሁለተኛው ነው።

በሁለቱ መካከል የነበሩትን ዓመታት ማን ይመልስልኝ? ጥጥ አባዝተሽ፣ በአቡጀዲ ሰፍተሽ፣ በጡት መያዣሽ ውስጥ የምታደርጊውን የሠራሽ ቀን ትዝ ይልሻል? መስታወት ፊት ቆመሽ «አንተ መሐንዲስ፣ ተስተካክሏል?» አልሽኝ። እኔ ሞኙ የምር አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ለካሁና «ግራው ትንሽ ወርዷል» አልኩሽ። «እንግዲያው ውሃ ልክህን አምጣና አስተካክለው!» ብለሽ አልጋው ላይ እስክትወድቂ ሳቅሽ። ያ ሳቅ በድንገት የሚመጣብኝ ሥራ ላይ ነው። ግንበኞቹ ምን ሆነ ይላሉ፤ እኔ ግድግዳውን የምመለከት መስዬ ፊቴን አዞራለሁ።

ከዚያ ያ ምልክት መጣ። ጠባሳሽ አጠገብ፣ የተመታ ገላ የመሰለ፣ ወይን ጠጅ ነገር። አያምሽም፣ አያሳክክሽም። ታላቅ እህትሽ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ካንቺ በኋላ ያንኑ የጡት ካንሰር ታክመው ጨረር የወሰዱት፣ አንድ ጊዜ አዩትና ፈረዱ፦ «አልማዝ ባለጭራ ነው! መርፌ ከነካው አለቀላት!» አገሩ ሁሉ የሚያምነውን ነው የተናገሩት። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው መርፌ እንዳይወጉት ከሐኪም ቤት ይሸሻል። እኔ ጮህኩ። አልማዝ ባለጭራ ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይሄ አንዱንም አላደረገም ብዬ ጮህኩ። «አንተ የድንጋይና የሲሚንቶ ሐኪም ነህ» አሉኝ። ገሳይ ከተማ ድረስ ልከው መድኃኒት አዋቂ አስመጡ። ሰውዬው በቅጠል ጭማቂ ዙሪያውን ከበበው፤ ጭራው ከራሱ እንዳይገናኝ ነው አለ። ምልክቱ ክቡን አልፎ ሄደ። ለምኜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩሽ። ናሙና በመርፌ ልውሰድ ሲል ግን እምቢ አልሽ። እሺ ስትይ በጣም ዘግይቶ ነበር።

ብዙ አሰብኩበት። እህትሽን የሰማሻቸው አምነሻቸው አይመስለኝም። እሳቸው የጠሩት በሽታ የሚድን በሽታ ነበር። እኔ የምጠራውን ደግሞ አንድ ጊዜ ቀምሰሽዋል። ከሁለቱ ምረጪ ቢሏት የትኛዋ ሴት የእኔን ትመርጣለች? ይህ ይገባኛል፤ ንዴቴ ግን ስለገባኝ አይበርድም።

በኋላ ቁስሉን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ሽታው እንዳይሰማኝ ፊትሽን ወደ መስኮቱ እያዞርሽ ስለ ዝናቡ ታወሪኝ ነበር፤ ገላሽን ትተን ሰማዩን እንድንመለከት። አንድ ቀን ጨረሩን ስረግም ግን ዞር አልሽ። «ተው» አልሽኝ። «እሱ ባይኖር ሕሊና ስትመረቅ አላያትም ነበር።» ከዚያ ወዲህ ረግሜው አላውቅም።

እትዬን ከቀብርሽ በኋላ አላናገርኳቸውም። ለሙት ዓመትሽ መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ደረታቸው ላይ ያለች፣ ጠርዟ የሚያብረቀርቅ፣ ደርቃ ደርቃ እንደገና የምትደማ ትንሽ ቁስል አሳዩኝ። ጎረቤቱ ፀሐይ ነው፣ ቡግንጅ ነው፣ እንደገና አልማዝ ባለጭራ ነው ብሏቸዋል። «ሁሉም አይዞሽ ይለኛል» አሉ። «የሚቆጣኝ ባጣ ነው የመጣሁ።»

በሩን ልዘጋባቸው ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽሽም። ያንቺን ጊዜ የበሉብኝ ሴት፣ ያንቺን አንገት ይዘው፣ ያንቺን ዓይን ይዘው ደጄ ላይ ቆመዋል። ምን ላድርግ? ተቆጣኋቸው። አንቱ እያልኩ፣ እስኪያለቅሱ ድረስ ተቆጣኋቸው። ከዚያ መኪናውን አስነሳሁ።

መንገዱን ሙሉ «መርፌውን ትተው በዓይን ብቻ ቢያዩልኝስ?» ይሉኛል። «እትዬ፣ ዝም ይበሉ» እላለሁ። ያኔ ያንቺን ምልክት አልማዝ ባለጭራ ሲሉ ለራሳቸው ገላም እየተከራከሩ እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው። መርፌው ሲገባ እጄን እንደ ልጅ ጨምድደው ያዙኝ። ውጤቱ የቆዳ ካንሰር ሆነ፤ ያንቺ ዓይነቱ ግን አይደለም። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ በጊዜ ከተቆረጠ ብዙውን ጊዜ የሚድን ነው። ተቆረጠላቸው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው ጥድ ስር ቆሜ አለቀስኩ። «በጊዜ» የሚባለው ነገር እንዲህ በእጅ የሚጨበጥ ከሆነ ለምን ላንቺ አልሆነም? ናፍቆት ይሉኛል ሰዎች። እኔ እንጃ። ናፍቆት እንዲህ ጥርስ ያስነክሳል?

ስፌቱ የተፈታ ቀን ወጣቷ ሐኪም «እናቴ፣ እንዲህ ሳይብስ እንዲመጡ ማን መከረዎት?» ብላ ጠየቀች። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እትዬ ሳያዩኝ «እህቴ» አሉ። «እህቴ ናት ያመጣችኝ።» ሐኪሟ «እግዜር ይስጣት፣ ሰላም ይበሉልኝ» አለች። ይኸው፣ ሰላም ብላሻለች።

አስኩዬ፣ ሐውልት አሠርቼ ዝም አልልም። እዚህ አገር ጡቷን ታክማ የዳነች ሴት ባየሁ ቁጥር፣ ነውር ነው ቢሉኝም፣ ገላሽን እዪ፣ አዲስ ነገር ካየሽ ለሐኪም አሳዪ እላለሁ። አንተ ማን ነህ፣ ይህን ማን ነገረህ ሲሉኝ ስምሽን እስከነ አባትሽ ስም እጠራላቸዋለሁ፤ የሕመምሽንም ስም ጨምሬ።

ያንቺው
ደምሴ