የዘንድሮው የአረፋ ፎቶ

ውድ ዑመይር፤

አሰላሙ አለይኩም። ወረቀት ያነሳሁት ስልካችን ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ ደህና ናችሁ» ላይ ስለሚያልቅ ነው። እናትህ ደህና ናቸው። የአረፋ እንግዶች ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ቡታጅራ ጭር ብላለች። ፎቶ ቤታችን ውስጥ የቀረነው እኔና ከደቡብ አፍሪካ የላክሃቸው ባለቀለም መብራቶች ነን።

ስለ መብራቶቹ በደንብ አልነገርኩህም። ፍላሽ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ምን እንዳነሳህ የምታውቀው በኋላ ነው። እነዚህ ግን እንደበሩ ስለሚቆዩ ጥላው የት እንደሚያርፍ ከማንሳቴ በፊት አየዋለሁ። በአንድ ጎን ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ አድርጌ ቤቱን ሳጨልመው የማንም ፊት የፊልም ተዋናይ ፊት ይሆናል። መጀመሪያ ሰው ፈርቶ ነበር። ከእንሴኖ የመጣች አንዲት ሙሽራ «ምነው እህቴ፣ ግማሽ ፊቴን አቃጠልሽው እኮ!» ብላ አስቃኛለች። ፎቶውን ስታይ ግን ከወንበሩ አልነሳም አለች። ለአረፋማ ወረፋው አስፋልት ደረሰ።

በመጨረሻ የእኛ ተራ ሆነ። እንደምታውቀው እዚህ ሰው ውጭ አገር የሄደበት ቤት ለአረፋ ፎቶ ሲነሳ ለሄደው ቦታ ይተውለታል። እሱ ካለበት ፎቶውን ይልካል፣ እኔ በኮምፒውተር እገጥመዋለሁ። ስንቱን ባል ከሚስቱ ጎን አቁሜዋለሁ! አንተንም እስካሁን በየአረፋው አጠገቤ ስገጥምህ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ እናትህ «እኛንም በዚያ በቀለሙ አንሺን» አሉ። ተነሳን። ከሱቅህ የላክኸውን ፎቶ ብገጥመው ግን አልሆነም። እኛ በቀይና በሰማያዊ፣ አንተ በነጭ የሱቅ መብራት። እናትህ አተኩረው አይተው «ይሄ ልጅ እንግዳ ነው እንዴ? ምነው ከኛ ጋር አልሆነም?» አሉ።

ደወልኩልህ። «ቀይ በግራህ፣ ሰማያዊ በቀኝህ አድርገህ ተነሳ» ስልህ ሳቅህ። «አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ መብራት የሚይዝልኝ ማን አለኝ ብለሽ ነው? ብቻዬን አይደለሁ?» አልከኝ። በማግስቱ ፎቶው በቫይበር ደረሰኝ።

ዑመይር፣ ፎቶው ልክ ነበር። ከሚገባው በላይ ልክ ነበር። በግራ ቅንድብህ ላይ ያለችው ጠባሳ እንዳትጎላ ቀዩ መብራት ወደ ፊትህ ጠጋ ተደርጎ ተይዟል። ያቺን ጠባሳ እንደማትወዳት የምናውቀው እናትህና እኔ ብቻ ነን ብዬ ነበር የማስበው። ሁለቱም እጆችህ ጉልበትህ ላይ ናቸው። በፎቶው ጫፍ ደግሞ መብራቱን የያዙ ጣቶች ገብተዋል። የሴት ጣቶች ናቸው፤ የአረፋ ሂና አለባቸው። «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባል የለ?

ብዙ ሰዓት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ከዚያ ጣቶቹን ቆርጬ ጣልኩና አንተን አጠገቤ ገጠምኩህ። እናትህ ሲያዩት «ማሻአላህ! ዘንድሮስ ልጄ መጣ!» ብለው ፎቶውን ሳሙት። ሳሎን ተሰቅሏል። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «ወላሂ፣ አብረው የተነሱ ነው የሚመስሉት» ይላል። እኔም «አዎ» እላለሁ። ከሄድክ ወዲህ እንደዘንድሮ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ቤቱ ሰው ሞልቶት እኔ ከማን ጋር እንደምነጋገር ጠፋኝ። ናፍቀኸኛል ደግሞ፣ ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

የጓደኛዬ ሚስት ናት ካልከኝ አምንሃለሁ። ማመን እፈልጋለሁ። ሁለተኛ አግብተህም ከሆነ ዲኑ ይፈቅድለታል ይሉኝ ይሆናል፤ እኔን መዋሸት ግን ማንም አልፈቀደልህም። ብቻ በስልክ አትንገረኝ። በስልክ ድምፅህን እሰማለሁ እንጂ ፊትህን አላይም፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ፊት ማየት ነው። እስከሚመጣው አረፋ ናና ፊት ለፊቴ ቆመህ ንገረኝ።

ካልመጣህ አልገጥምህም። እናትህ ለምን ብለው ከጠየቁኝም እነግራቸዋለሁ።

ሚስትህ፣
ናጃህ