የአሥራ ሁለተኛው ሰኞ ፍየል

ይድረስ ለእህቴ ለጥሩሐረግ፣ ጅዳ።

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ ያሳርፉሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማየ ጉልበቷ ቢይዛትም ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። ደህና ነን ብዬ ግን ልዘጋው አልቻልሁም።

ወንድማችን ምንይሉ በጦርነቱ እግሩን ከቆሰለ ወዲህ ትራማዶል የሚሉትን የሕመም ማስታገሻ ካልዋጠ እንደማይነሣ ታውቂያለሽ። ነሐሴ ላይ እዚህ ሰቆጣ አዲስ ሕክምና ጀመረ። ከምክሩ ጋር በየሰኞው ሽንቱ ይመረመራል፤ ኪኒን ካልተገኘበት ይሸለማል። መጀመሪያ አንድ ሳሙና፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ስኳር፣ እንዲህ እየጨመረ ሄዶ በአሥራ ሁለተኛው ሰኞ አንዲት ሴት ፍየል። አንድ ቀን ከተገኘበት ግን ሁሉም ከአንድ ሳሙና ይጀምራል። አጎታችን አያ ኪዳኑ «ላልዋጠ ፍየል ከተሰጠማ ለእኔ በሬ ይገባኛል፤ ዕድሜ ልኬን አልዋጥሁም» ብሎ ሳቀበት። ምንይሉ ግን አሥራ አንድ ሰኞ አለፈ፤ ለፍየሏም ከደጅ የድንጋይ ጉሮኖ ካበላት።

ለእማየ ጉልበት ብለሽ ከጅዳ በተመለሰችው በሀሊማ እጅ የላክሽው ኪኒን ያው ትራማዶል ኖሯል። ቅዳሜ ዕለት ምንይሉ እግሩን ይዞ ሲያቃስት፣ እማየ ሳትነግረው አንዱን በአጥሚት በጥብጣ አጠጣችው። ኋላ ስጠይቃት «ሱስ የሚያሲዘው የገበያው ነው እንጂ ልጄ የላከችው እንዴት ይጎዳል?» አለችኝ።

ሰኞ ተገኘበት። ነርሷን ሪሃናን የሆነውን ነግሬ ለመንኋት። «ጋሼ ይግዛው፣ አምንዎታለሁ። ዛሬ ለእርስዎ ካለፍሁ ግን ነገ ሁሉም እናቱን ይዞ ይመጣል» አለችኝ። ምንይሉ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቤት ሲደርስ ጉሮኖውን አፈረሰው። ከዚያ እማየን የቀረውን ኪኒን ስጪኝ አላት። አትስጪው ብላትም ፈርታው ሰጠችው፤ ኪሱ ከትቶ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ ይዋጠው አይዋጠው አላወቅሁም። መጠየቅም ፈራሁ።

ትናንት ሰኞ አብሬው ሄድሁ። እማየ ካጠጣችው ከአንዱ በቀር ኪኒኑን በሙሉ ከኪሱ አውጥቶ ሪሃና ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ምርመራውም ንጹሕ ሆነ። አንድ ሳሙና ተቀበለና ቤት ሲገባ እማየ መዳፍ ላይ አኖረላት። 

አንቺ አላወቅሽም፤ አልወቅስሽም። ኪኒን ግን ከእንግዲህ ለማንም አትላኪ።

ባለቤቴ ብርሃን ናፈቀችኝ ብላለች። አያ ኪዳኑ ሰላም በልልኝ ብሏል። እማየ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ኪኒኑን ማጠጣቷን እንዳልጽፍልሽ ለምናኝ ነበር። ምንይሉ ሰላም በላት አላለኝም። ከጠዋት ጀምሮ ግን የጉሮኖውን ድንጋይ መልሶ እየካበ ነው።

ወንድምሽ ይግዛው
ሰቆጣ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.