የጧሪ ስም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጭነት ሲወርድ ራሴ ካልገባሁበት ትላለህ? ባለቤትህ እትዬስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እዚህ ደህና ነን፤ እማዬም ደህና ናት። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፤ ጉንጯ ሁሉ ሞልቷል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እማዬ የአረጋውያን መኖሪያ መግባቷን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ሰው ምን ይለናል፣ የጭነት መኪናዬን ሸጬ ክፍያውን እኔ እችለዋለሁ ብለሃል። ገዢ እንዳገኘህና በወሩ መጨረሻ እንደምትፈራረሙም ጽፈሃል። ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ ሰውዬውን ሻይ እያጠጣህ አቆየው።

እማዬን ማንም አላስገባትም፤ ራሷ ናት የገባችው። ደረጃው ላይ ከወደቀች ወዲህ እኔ ዳቦ ቤት ስውል ብቻዋን መሆን ፈርታ ኖሯል፤ ለኔ ግን ትንፍሽ አላለችም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሁለት አስተማሪዎች፣ ባልና ሚስት፣ ሳሎናችንን ሲለኩ አገኘኋቸው። ለካ ለኔ የጓሮዋን ክፍል አስቀርታ ቤቱን አከራይታላቸዋለች። የመኖሪያውን ክፍያ የምትከፍለው በዚያ ኪራይ ነው፤ የሚጎድለው የመድኃኒቱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለኔ አያቅተኝም። አልዋሽህም፣ ልብሷን ስናወጣ አልቅሻለሁ። እሷ ግን "ቤቴ ሥራ ያዘ እንጂ ሞተ እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ።

ጉዱ የመጣው ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ "የተጧሪ ስም" ይልና ከሥሩ "የጧሪ ስም" ይላል። እኔ ከሥር ያንተን ስም ልጽፍ ስል እስክሪብቶውን ቀማችኝና ሁለቱም ላይ የራሷን ጻፈች። የመኖሪያው ኃላፊ ትሑት ሰው ነው፤ "እማማ፣ ጧሪና ተጧሪ አንድ ሰው መሆን አይችልም" አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ለኖረች ሴት እንዲህ ይባላል? "ይህን የለበስኩትን ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰፊና ለባሽ አንድ ከሆነ ይሄ ምን ያቅታል?" አለችው። ሰውዬው ቀሚሷን አየ፣ ቅጹን አየ፣ ማኅተሙን መታ።

አሁን የስፌት መኪናዋን መስኮቷ ሥር አድርጋለች። ቁልፍ የተበጠሰበት፣ ሱሪ የረዘመበት ሁሉ እሷ ዘንድ ነው። ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጡረተኛ ዳኛማ ደህናውን ቁልፍ እየበጠሱ ይመጣሉ ተብለው ይታማሉ። እማዬ ሐሜቱን ሰምታ እንዳልሰማች ሆናለች፤ ፀጉሯን ግን መሠራት ጀምራለች።

የመኪናህን ነገር ስነግራት መርፌዋን አስቀመጠች። ከዚያ ቃል በቃል ጻፊለት ያለችኝ ይህን ነው፦ "ጧሪ አላጣሁም፣ እኔው አለሁ። መቅበሩን ለሱ ትቼለታለሁ፣ እሱንም አይቸኩልበት። መኪናውን ከሸጠ ግን በቁሜ ሊያየኝ በምን ሊመጣ ነው?"

እትዬን በጣም ናፍቀሻታል በልልኝ። የትንሹን ልጅህን ጉንጭ ሳምልኝ። ለትልቋ ደግሞ አያቷ ቀሚስ ልትሰፋላት ነው፤ ልኳን በወረቀት እንዳትልክ፣ ራሷን ይዘሃት ና ብላሃለች።

እህትህ
ከእማዬ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር ፲፪ ቀን